ጥያቄና መልስ፦ ለመንገድ የሚሆን ሰፊ ሌንስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ እጅግ ሰፊ ስለሚባለው ሌንስ። ለጀማሪ ልበል፦ የሌንሱ ሚሊሜትር ባነሰ ቁጥር ብዙ ስፋት ያያል፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ሴንሰር የምንለው ብርሃኑን የሚቀበለውን የካሜራ ክፍል ነው። አራቱን መርጫለሁ። በመጀመሪያው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ እኔም በዚያ ልጅ ዕድሜ ስጠይቅ የነበረው ያንኑ ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ካሜራዬ ሶኒ ነው፤ ሴንሰሩ ትንሹ፣ ሚሊሜትሩ በ1.5 የሚባዛበት ዓይነት። ያለኝ ሌንስ አብሮት የመጣው 16-50 ብቻ ነው። በቅርቡ ቦርሳዬን አዝዬ ለሁለት ወር ልጓዝ ነው፤ የቆዩ ከተሞች አሉ፣ ተራራ አለ፣ የባሕር ጠረፍም አለ። ያስቸገረኝ ነገር ሕንፃ ሳነሳ ወደ ኋላ ብሸሽ ብሸሽ ጀርባዬ ግድግዳ ይነካል እንጂ ሕንፃው አይሞላልኝም። ሁሉም እንዲገባልኝ ብዬ ሰፊ ሌንስ ለመግዛት ቆርጫለሁ። የሶኒ 10-20 ኤፍ 4፣ የታምሮን 11-20 ኤፍ 2.8 እና በእጅ ፎከስ የሚደረገው የሳምያንግ 12 ሚሊሜትር ኤፍ 2 ፊቴ ተደርድረዋል። የቱን ልያዝ?
መንገድ የጠራው

መልስ፦ ልጄ፣ ከሦስቱ የሚሻለውን ከመናገሬ በፊት «ሁሉም እንዲገባልኝ» ያልካት ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። እኔም የመጀመሪያውን ሰፊ ሌንሴን የገዛሁት ሁሉም እንዲገባልኝ ነበር። ጊዜው የፊልም ጊዜ ነው። 17-35 ይዤ አንድ ትልቅ የተራራ ሰንሰለት ላነሳ ስድስት ቀን በእግሬ ተጓዝኩ። አምስት ጥቅል ስላይድ ፊልም፣ 180 ፎቶ ጨረስኩ፤ አብዛኛውን በ17 ሚሊሜትር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ያ አንገቴን ቀና አድርጌ ያየሁት ተራራ አድማስ ላይ የተደረደረ ጠጠር መስሎ ቁጭ አለ። ከላዩ ባዶ ሰማይ፣ ከሥሩ ባዶ ሜዳ። አንድ አንጋፋ የሙያ ባልደረባዬ ስላይዶቹን በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጣቱን ከአንዱ ፎቶ ታችኛው ክፍል ላይ አሳረፈና «እዚህ ጋ አንድ ነገር መኖር ነበረበት» አለኝ። ሌላ የጨመረው ነገር የለም።

ነገሩ ሒሳብ ነው። ሩቅ ያለ ነገር በፎቶ ላይ የሚይዘው ቦታ ከሌንሱ ሚሊሜትር ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። በ50 ሚሊሜትር የፎቶውን ቁመት ግማሽ የያዘ ተራራ፣ ከዚያው ቦታ በ17 ሲነሳ አንድ ስድስተኛውን ብቻ ይይዛል። እግርህ ሥር ያለው ድንጋይ ግን ሌላ ነው። ወደ እሱ ጎንበስ ባልክ ቁጥር ይገዝፋል፤ ተራራው አሥር እርምጃ ብትጠጋውም ያው ነው። ሰፊ ሌንስ ጉልበቱ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ቅርቡን አግዝፎ፣ ሩቁን አሳንሶ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንድታየው ያደርጋል። ቅርብ ነገር ከሌለው ግን የሚያሳይህ ባዶ ሜዳ ብቻ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ከዓመታት በኋላ አንድ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ላይ ነው። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ጀልባዎቹ በሙሉ እንዲገቡልኝ ስል ሦስት አራት ጊዜ አነሳሁ፤ ፎቶው ግን አልያዝ አለኝ። በመጨረሻ ተንበረከክሁና ሌንሱን ከአንድ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል አስጠጋሁት። ገመዱ ከፎቶው ሥር ተነስቶ፣ እንደ መንገድ እየጠመዘዘ ወደ መጀመሪያዋ ጀልባ ሄደ፤ ከእሷ ወደ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ወደ ብርሃኑ። የገመዱ ክሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ያ ፎቶ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው።

ስለዚህ ስትገዛ ከ«ስንት ዲግሪ ያያል?» ቀጥሎ «ምን ያህል ቅርብ ፎከስ ያደርጋል?» ብለህ ጠይቅ። የሶኒው 10-20 በአውቶፎከስ እስከ 20 ሳንቲሜትር ይቀርባል። የታምሮኑ በሰፊው ጫፍ እስከ 15 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ይህ ርቀት የሚለካው ከሴንሰሩ ስለሆነ ሌንሱ ራሱ ዕቃውን ሊነካ ምንም አይቀረውም።

አሁን ወደ ሕንፃው። ከአሥር ሜትር ርቀት ቆመህ በ16 ብታነሳ ወደ 15 ሜትር ገደማ ስፋት ይገባልሃል። በ10 ብታነሳ ከ23 ሜትር በላይ ይገባል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አልክድህም። ነገር ግን የሕንፃው ጫፍ አልገባ ብሎህ ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀና ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። በሰፊ ሌንስ ይህ ይብሳል። እኔ የማደርገው ካሜራውን ቀጥ አድርጌ፣ በቁም ይዤ፣ ሕንፃውን በላይኛው ግማሽ አስቀምጣለሁ፤ የታችኛው ግማሽ የሚተርፈው መሬት ነው። እዚያ ላይ ዝናብ ያቆረው ውኃ፣ ያረጀ የድንጋይ ንጣፍ፣ የደረጃ ጥላ ይኖራል። ያ አንጋፋ ባልደረባዬ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ማለት ነው። መሬቱ ምንም ከሌለው በኋላ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ካሜራህ ውስጥ የአግድም ማሳያ መስመር ካለ አብራው፤ በ10 ሚሊሜትር ሁለት ዲግሪ ያህል መዘንበል እንኳ ጠርዝ ላይ ያለውን ግድግዳ ያጣምመዋል።

ምርጫህን ልመልስ። ሶኒው 178 ግራም ነው። ታምሮኑ 335። ሳምያንጉ 250 ገደማ። የሁለት ወር መንገድ ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት ከቦርሳ ሥር የሚቀረው ሁልጊዜ ከባዱ ሌንስ ነው። በሶኒውና በታምሮኑ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት አንድ ደረጃ ነው፤ ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። የቆመ ነገር ስታነሳ ይህ ብዙም አያሳስብም። በ10 ሚሊሜትር ትንፋሽህን ሰብስበህ፣ ትከሻህን ምሰሶ ላይ አስደግፈህ፣ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ጥርት ያለ ፎቶ ታነሳለህ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ማንሳት የምትወድ ከሆነ ግን ያ አንድ ደረጃ ዋጋ አለው።

ሳምያንጉ የተለየ ሰው ሌንስ ነው። ኤፍ 2 ከኤፍ 4 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ሌሊት ከዋክብት ላነሳ የሚል ሰው ሦስቱን አያወዳድርም፣ እሱን ይወስዳል። በእጅ ፎከስ ማድረጉ አያስፈራህ። 12 ሚሊሜትሩን ኤፍ 8 ላይ አድርገህ ፎከሱን ወደ 90 ሳንቲሜትር ብታቆመው፣ ከ45 ሳንቲሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው በቂ ጥራት ይኖረዋል። ቀኑን ሙሉ ቀለበቱን ሳትነካ መዋል ትችላለህ። ለከዋክብት ደግሞ 500ን ለ18 አካፍል የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ 18 ማለት 12 በ1.5 ሲባዛ ነው። ወደ 28 ሰከንድ ይሰጥሃል። በዛሬዎቹ ካሜራዎች ግን በ28 ሰከንድ ኮከቡ ጭረት መሆን ይጀምራልና ከ15 አትለፍ።

አራተኛም ልጨምርልህ። ሲግማ በ2023 ያወጣው 10-18 ኤፍ 2.8 አለ፤ ክብደቱ 260 ግራም ገደማ፣ በሰፊው ጫፍ ከ12 ሳንቲሜትር በታች ይቀርባል። ብርሃኑንም ቅርበቱንም ከፈለግህ ሁለቱንም የሚሰጥህ እሱ ነው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን፣ ከዋክብት የማላነሳ ብሆን፣ ሶኒውን ይዤ እሄዳለሁ፤ በአንገቴ ላይ መኖሩን እስክረሳው ይቀላል። ከዋክብቱንም ሌላውንም በአንድ ሌንስ ላንሳ ካልክ ሲግማውን።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያነሳሃቸውን ፎቶዎች በሚሊሜትር ለያቸው፤ ኮምፒዩተሩ ይሠራልሃል። ከወደድካቸው መካከል ስንቱ በ16 የተነሳ ነው? አብዛኞቹ ከ35 በላይ ከሆኑ ዓይንህ የሚፈልገው ሌላ ሌንስ ነው። ሁለተኛ፣ ስልክህ «0.5» የሚል ሰፊ ካሜራ ካለው አንድ ሳምንት በእሱ ብቻ አንሳ። ብዙዎቹ ስልኮች ላይ ያ ካሜራ የሚያየው በትልቁ ሴንሰር 13 ወይም 14 ሚሊሜትር የሚያየውን ያህል ነው፤ ከ10 ሚሊሜትርህ እንኳ ትንሽ ይሰፋል። በሳምንቱ መጨረሻ መንበርከክ ከጀመርክ ግዛ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ባለፈው ዓመት 16-35 ኤፍ 4 ገዛሁ፤ ካሜራዬ ትልቁ ሴንሰር ያለው ነው። ለመልክዓ ምድር ግሩም ነው። ነገር ግን ከቤተሰቤ ጋር ሄደን የጋራ ፎቶ ሳነሳ ጫፍ ላይ የቆሙት ሰዎች ፊታቸው ይለጠጣል። የባለቤቴ እህት ፎቶውን አይታ ሁለተኛ እንዳላነሳት ነገረችኝ። ሌንሱ ጉድለት አለበት? ሸጬ ውዱን ኤፍ 2.8 ልግዛ?
የተከፋች እናት

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሌንስዎ ደህና ነው። ውዱን ቢገዙ የባለቤትዎ እህት በዚያውም ትለጠጣለች። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰዎች በዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብ ሲያወጡ ስላየሁ ነው።

ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ሌንስ ሁሉ ይህን ዕዳ ይከፍላል። የግድግዳው ጠርዝ እንዳይጎብጥ ሲል ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ነገር ወደ ውጭ ይስበዋል። በ16 ሚሊሜትር በግራና በቀኝ ጠርዝ ያለ ፊት ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሰፋል። በ24 ሚሊሜትር ያው ፊት የሚሰፋው በአንድ አራተኛ ነው። በ35 ደግሞ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የመስተዋቱ ጥራት፣ የኤፍ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ፋብሪካ እዚህ ውስጥ አይገቡም።

እርስዎ ዘንድ መፍትሔው እጅዎ ላይ ነው፤ ሌንሱ እስከ 35 ይሄዳል። ሰው ሲያነሱ ከ28 በታች አይውረዱ፤ እግርዎን ወደ ኋላ ያስኪዱ። ቦታው ጠቦ 20 ወይም 16 ካስገደደዎ ሰዎቹን ወደ መሃል ይሰብስቡ፣ ጠርዙን ለበሩና ለዛፉ ይተዉ። በአንድ ረድፍ ከማቆም ይልቅ በሁለትና በሦስት ረድፍ ያስቁሙ። ካሜራውን በደረታቸው ቁመት ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ከላይ ወደ ታች ሲያዘነብሉ ጭንቅላት ይተልቃል፣ እግር ያጥራል። ቀደም ሲል ለተነሱት ፎቶዎች ደግሞ ዲኤክስኦ ቪውፖይንት የተባለው ፕሮግራም የተለጠጠውን ፊት ወደ ቅርጹ የሚመልስ መሣሪያ አለው። የዋና ፎቶዎን ቅጂ አስቀርተው ይሞክሩት፤ ለባለቤትዎ እህትም የተስተካከለውን ይላኩላት።

ጥያቄ፦ በ16 ሚሊሜትር ሌንሴ ላይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቆርጥ ፊልተር) አድርጌ ሰማይ ሳነሳ መሃሉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጠባሳ ይወጣል። ፊልተሩ ርካሽ ስለሆነ ነው?
ሰማይ ወዳዱ

መልስ፦ አይደለም። ፖላራይዘር ሰማዩን አብዝቶ የሚያጠቁረው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ባለው ክፍል ላይ ነው፤ ወደ ፀሐይም ሆነ ከእሷ በተቃራኒ ሲሄድ ጉልበቱ ይቀንሳል። 16 ሚሊሜትር በትልቁ ሴንሰር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 107 ዲግሪ ስለሚያይ ጠንካራውንም ደካማውንም ክፍል በአንድ ፎቶ ይሰበስባቸዋል። ለሰማይ ሲሆን አውልቀው። ለእርጥብ ድንጋይ፣ ለቅጠልና ለወንዝ ግን መልሰህ አድርገው፤ ሰማዩን ከፎቶው አውጥተህ ነጸብራቁን ስትቆርጠው የሚወጣው ቀለም ድንቅ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የኒኮን ዜድ ካሜራ አለኝ። አንድ ወዳጄ የቆየውን የኒኮን 14-24 ኤፍ 2.8 ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ ዋጋው አዲሱ 14-30 ኤፍ 4 ከሚጠየቅበት ያንሳል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እጓዛለሁ፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። ምን ይመክሩኛል? ያገለገለ ሌንስስ እንዴት ነው የሚፈተሸው?
የድሮ ወዳጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የወዳጅዎን ሌንስ አውቀዋለሁ። በ2007 የወጣ ነው፤ ሲወጣ የሰፊ ሌንስ መለኪያ ሆኖ ነበር፣ ዛሬም መሃሉ የሚያሳፍር አይደለም። ግን ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ከካሜራዎ ጋር የሚያገናኘው ኤፍቲዜድ አዳፕተር ወደ 130 ግራም ይጨምርበታል። 14-30 ኤፍ 4 ደግሞ 485 ግራም ነው፤ ከግማሽ በታች። የፊቱ መስተዋት ጠፍጣፋ ስለሆነ 82 ሚሊሜትር ፊልተር እንደማንኛውም ሌንስ ይታሰርበታል። የ14-24ው መስተዋት እንደ ዓይን ብሌን ወደ ፊት ስለወጣ ፊልተር ከፈለጉ ከሌንሱ ፊት የሚቆም ትልቅ መያዣና ሰፋፊ የመስተዋት ፊልተሮች መሸከም አለብዎ። ክዳኑን ከፍተው በተጨናነቀ ቦታ ሲሄዱም አንድ ክርን ቢነካው ጭረቱ አይለቅም፤ በዚህ አንድ ሌንስ አጥቻለሁ። ለመንገድ 14-30ን ይግዙ። ገንዘቡ አሁን ካልሞላ ሁለት ወር ይጠብቁ እንጂ ለኪሎው አይሸነፉ።

ያገለገለ ሌንስ ግን መፈተሽ ማወቅ ጥሩ ነው፤ በተለይ ሰፊ ሌንስ ከሌላው ይልቅ ለመውደቅ ስስ ነው። አንዴ ወድቆ ውስጡ ያለ አንድ መስተዋት የፀጉር ያህል ቢዛባ ውጪው ምንም ጭረት ሳይኖረው አንዱ የፎቶው ጥግ ይደበዝዛል። የጡብ ግድግዳ ፈልጉ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ላይ አቁመው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ያድርጉት። በሰፊው አፐርቸር (በትንሹ የኤፍ ቁጥር) እና በኤፍ 8፣ በ14ም በ24ም ያንሱ። ከዚያ አራቱን ጥግ በሙሉ አጉልተው ያወዳድሩ። አራቱም እኩል ትንሽ ቢደበዝዙ የሌንሱ ባሕርይ ነው፤ ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ ተመቷል፣ አይግዙት።

ቀጥሎ ጨለም ያለ ክፍል ገብተው የስልክዎን መብራት ከኋላ በኩል እያበሩ ከፊት ይመልከቱ። አቧራ ሁለት ሦስት ፍሬ ቢያዩ ግድ የለም፣ ፎቶ ላይ አይታይም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካዩ ሻጋታ ነው፤ በነጻ ቢሰጡዎም አይውሰዱት። የዙም ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ አሸዋ እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ ባሕር ዳርቻ ወርዶ የተመለሰ ሌንስ ነው። በመጨረሻም ከካሜራ ጋር የሚገናኝበትን የብረት ቀለበት ያዩ ዘንድ የኋላ ክዳኑን ያውልቁ፤ ቡለኖቹ ጭንቅላት ላይ የመፍቻ ጭረት ካለ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነውና ለምን እንደተከፈተ ወዳጅዎን ይጠይቁት።